ኦርጅናል ነው ያልኩ ዕለት

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አባቴ ወታደር ነበር፤ ጅጅጋ ላይ ወለደንና ወንዶቹን ትምህርት ቤት ላከ፣ እኔን ውሃ አስቀዳ። ስለዚህ እኔ ቤት ወረቀት ማለት ስኳር መጠቅለያ ነው። ልጄ አንድ ቀን ማስታወሻ ጽፋልኝ ሄደች፤ በሱ ከሰል አቀጣጠልኩበት። ከዚያ በኋላ ደግማ አልጻፈችልኝም።

ሞባይል ጅጅጋ የገባ ሰሞን ስልክ ገዛችልኝ። ትንሽ ናት፣ የቻይና፣ ጀርባዋ ሻካራ፤ ግን ድምፅ ትቀዳለች። ልጄ ነጋዴ ነበረች። ከድንበር ልብስ ታመጣለች፣ ድንበሩ ላይ ወዳለችው ሀርሺን ትወርዳለች፣ ሁለት ሦስት ቀን ትቆያለች። መንገዱ ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ምን ታድርግ፣ ከቤት ከመውጣቷ በፊት የምትለኝን ሁሉ ስልኬ ውስጥ ተናግራ ትሄዳለች። የቱን ቁልፍ እንደምጫን አሳየችኝ፤ ከላይ አንድ፣ ከታች ሁለት። እኔ ተቀምጬ እሰማታለሁ።

ጣፋጭ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቁጣ ነው። «እማዬ፣ ሲሊንደሩን ዝጊው። ዘግቼዋለሁ ብለሽ አትሂጂ፣ ተመልሰሽ እይው።» ደሞ ስለ ልጇ፣ ስለ ልጅ ልጄ፣ ሌላ አለ፤ «የልጅቷን የሳል ሽሮፕ ጠዋት አንድ ማንኪያ። አንቺ አትቅመሺው፣ ትናንት ጎድሎ አይቼዋለሁ።» እውነቷን ነው፣ እንጆሪ እንጆሪ ይል ነበር። «ልብስ ሊያዩ ከመጡ ሰማያዊውን አታውጪው፣ ሰው ይዞታል።» «ባለ አህያው ውሃ ሲያመጣ አትቀልጂበት፣ ባለፈው ተቀይሞ ሳያራግፍ ሄዷል።» እንዲህ እንዲህ እያለ ስልኩ ሞላ። አላጠፋሁትም። ማጥፊያውን ስላላወቅኩ ነው እንጂ አስቤበት አይደለም።

አንድ ቀን ከሀርሺን ስትመለስ የጫናት መኪና ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን ብዙ አልናገርም። ልጇ አራት ዓመቷ ነበር፤ የልጅ ልጄ። አባትዬው ቀድሞ የሄደ ነው፣ የት እንዳለም አይታወቅ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጅቷ ስልኩን አነሳችና ከላይ አንዱን፣ ከታች ሁለቱን ተጫነች። እኔ ስነካካ አይታ ኖሯል። «እማዬ፣ ሲሊንደሩን ዝጊው» አለች እናቷ። ልጅቷ ተነስታ ሄዳ ሲሊንደሩን አየችው። ተዘግቷል። ተመልሳ መጥታ «ዘግቼዋለሁ» አለቻት፣ ለስልኩ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ትጥልና ትሰማታለች። የእናቷ ፎቶ የጉርድ ፎቶ ነው፣ ለመታወቂያ የተነሳችው፣ ፊቷ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር የኮሶ ፊት የሆነበት። ልጅቷ እሱን አትወደውም፣ እናቴ አይደለችም ትላለች። እናቷ ስልኩ ውስጥ ያለችው ነች።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

የባሌ እህት አለች። ባሌ ሞቶ እሷ የቀረችልኝ። ልጇ ከውጭ ስልክ ልኮላታል፣ ስሙ የታወቀ፣ እያንዳንዱ ሰርግ ላይ ከጡቷ ስር እያወጣች ሰዓት የምታይበት። ግድግዳው ላይ ሰዓት ተሰቅሎ እሷ ስልክ ታወጣለች። እኔ ሻካራዋን የቻይና ስልኬን እንዴት ላውጣት? ልጄ በሕይወት ሳለች ነው ይሄ። ሳልነግራት ገበያ ወጣሁና አንዱን ባለ ሱቅ «የዚችን ስልክ ልብስ ቀይርልኝ» አልኩት። የታወቀው ስልክ ካቨር፣ ከፊትም ከኋላም፣ ባትሪው ስር የሚለጠፈው፣ ሞዴሉ የተጻፈበት ወረቀት ሳይቀር ከተሰበረ ስልክ ላይ አንስቶ አለበሳት። ልክክ አለ። በሚቀጥለው ሰርግ አወጣሁና ሰዓት አየሁ። የባሌ እህት አንገቷን አስግጋ «ከየት አመጣሽው?» አለች። «ከሀርጌሳ፣ ከነካርቶኑ» አልኳት። ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ ሳቋን በነጠላዋ ዋጠችው። ቤት ስንደርስ «እማዬ፣ አንቺ እኮ ሲኦልም በር ላይ ዋሽተሽ ትገቢያለሽ» አለችኝ።

እውነት ለመናገር ውሸት ተሳክቶልኝ ነው የኖርኩት፣ ለጨዋታ ያህል። አንድ ጊዜ ከልጄ ጋር ሀርሺን ቅቤ ልገዛ ወርጄ፣ የከብቱ ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። እዚያ አገር ሰው ሲጠየቅ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ አስርና አስራ አምስት ይቆጥርልሃል። ከዚያ ሽማግሌው ዘመድ ነህ አይደለህም ይላሉ። እኔ የወታደር ልጅ፣ ከአያቴ በላይ ማን እንደነበረ የማላውቅ፣ በገበያ ሶማልኛዬ አስራ አንድ አባት ቆጠርኩላቸው። ሽማግሌው ጸጥ ብለው ሰምተው «ሰባተኛው አባትሽ የጎረቤቴ ግመል ነው» አሉ። ገበያው በሳቅ ሞተ። ቅቤውንም አስመርጠው ሰጡኝ።

እና ልጄ ከሞተች ሁለት ዓመት ሊሆን ሲል ስልኩ ታመመ። ይበራል፣ ማርኩ ይመጣል፣ እዚያው ቀጥ። ያጠፉታል፣ ያበሩታል፣ ማርኩ ላይ ቀጥ። ልጅቷ ሦስት ቀን ጠበቀችው። በአራተኛው «እማማ፣ እናቴ ውስጥ ነች አይደል?» አለችኝ። «ውስጥ ነች፣ በሩ ነው የተቆለፈው» አልኩና ስልኩን መሐረብ ውስጥ ቋጥሬ ወጣሁ።

ስልክ የሚሠራው ሰውዬ ከታክሲ መናኸሪያው ጀርባ ነው ሱቁ። ቀብሪበያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ያደገ፣ ሬዲዮ ሲፈታ ሲገጥም እጁን ያሠለጠነ፣ ሠላሳውን ያለፈ ሰው። አማርኛው ከኔ ይሻላል። እኔን አዬዮ ይለኛል፣ አያቴ ማለቱ ነው። ሁሌም እቀልድበታለሁ።

«አንተ አሁንም አላገባህም? ብሎን ልታገባ ነው?»

«አዬዮ፣ አንቺን እየጠበቅኩ ነው።»

«እኔን ለማግባት መጀመሪያ ጥርስ ትገዛልኛለህ።»

ስልኩን ከመሐረቡ አወጣሁ። ያ ሰው እንደ ሐኪም ነው፣ ሳይጠይቅ አይነካም። ወድቋል ወይ፣ ውሃ ገብቶበታል ወይ፣ ማን ከፍቶታል፣ ከየት መጣ። ሰው ሁሉ ይዋሸዋል። መጸዳጃ ቤት የጣሉትን «ጤዛ ነክቶት ነው» ይሉታል። የልጄ ድምፅ ስልኩ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት። ልጄን ያውቃታል፣ የእሷንም ስልክ ይሠራላት ነበር። ጨዋታውን ተወ።

«ድምፁ የት ነው የተቀመጠው? ሚሞሪ ካርድ አለው?»

«ካርድ ምን አውቃለሁ? ስልኩ ሆድ ውስጥ ነው።»

ባትሪውን አውጥቶ አየ። ካርድ የለም። በኋላ ያስረዳኝን እዚሁ ልበለው፣ ነገሩ እንዲገባችሁ። ስልክ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ቺፑ ነው፣ ጥፍር የምታህለው ጥቁሯ፣ አእምሮው ማለት ነው። ማርኩ ላይ ቀጥ ያለ ስልክ የሚድነው ሶፍትዌሩ እንደገና ሲጫንለት ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ዝም ብሎ አይገባም። ኮምፒውተሩ በገመዱ በኩል «ማን ነህ?» ይለዋል። ቺፑ ፋብሪካ የተቀረጸለትን ቁጥር ይናገራል። ቁጥሩ የሚጫነው ፋይል የሚያውቀው ወገን ከሆነ ይገባል፣ ካልሆነ በሩ ላይ ይቀራል። የስልኩን መልክ አያይም፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውንም አያነብም።

«እንደ ሀርሺን ሽማግሌ ነዋ» አልኩት።

«እንደ ሀርሺን ሽማግሌ ነው። ግን ችግሩ የአጎት ልጆች አሉ። ቁጥራቸው በአንድ ብቻ የሚለይ። በግድ ካስገባሽው አንዱ የሌላውን ፋይል ይቀበላል፣ ሆዱ ግን ይበጠበጣል።»

ወደዚያ ቀን ልመለስ፤ ገመዱን ሰካ። አንድ ቁልፍ ይዞ ቆየ። ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፍ መጣ። ቅንድቡን ሰበሰበ። ገመዱን ነቅሎ እንደገና ሰካ፣ እንደገና ያው መጣ። ባትሪው ስር ያለውን ወረቀት ወደ ብርሃን አዙሮ አነበበ።

ይህን ጊዜ ነው የባሌ እህት የገባችው። ካላመናችሁ አትመኑ፣ ጅጅጋ ያኔ ትንሽ ናት፤ እኔ የገባሁበት ሱቅ ሁሉ የባሌ እህት ትገባለች። የቻርጀሯ ጫፍ ላልቶ ኖሯል። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው እቴ፣ ያ የሀርጌሳው ታመመ?»

«ጉንፋን ነው» አልኳት።

ሠሪው ወደኔ ዞረ። «አዬዮ፣ ወረቀቱ ሌላ ይላል፣ ቺፑ ሌላ ይላል። ገመዴ አሮጌ ነው፣ አንዳንዴ ያሳስተኛል፣ ሰሞኑን ሁለት ጊዜ አሳስቶኛል። ወይም ደግሞ ስልኩ ካቨር ተቀይሮለታል። ይሄ ካቨሩ ተቀይሯል?»

ጥያቄዋ ይቺ ነች። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

የባሌ እህት በርጩማው ላይ ቀና አለች። ፈገግ ልትል ነው። ፈገግታዋን አውቀዋለሁ፣ ከአፏ በስተግራ ነው የሚጀምረው። ሰርጉ፣ ሰዓቱ፣ ከነካርቶኑ ያልኩት፣ ሁሉም ፊቴ መጣ። ልጄም ሞታለች፣ ባሌም ሞቷል፣ የቀረኝ በዚች ሴትዮ ፊት አለመዋረድ ነው የመሰለኝ።

«ኦርጅናል ነው» አልኩ። «ማንም ነክቶት አያውቅም። ከነካርቶኑ ነው የመጣው።»

«እርግጠኛ ነሽ? ከተሳሳትኩ የልጅሽ ድምፅ ይሄዳል።»

«ስልኬን አላውቀውም ነው የምትለው?»

የባሌ እህት «እሷ እኮ ስለዚህ ስልክ ስታወራ ነው የኖረችው» አለች። ለማገዝ ነው ለመንከስ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰውዬው አመነኝ። ለምን አያምነኝ? አያቴ ብሎ ጠርቶኛል። ገመዱ ነው ያሳሳተኝ ብሎ በወረቀቱ ሄደ። መጀመሪያ ድምፁ ቢጠፋ ብሎ የስልኩን ሆድ ቅጂ አወጣ፣ ኮምፒውተሩ ተሳክቷል አለው፣ ደስ አለው። ከዚያ ፋይሉን ሲጭን ኮምፒውተሩ እንቢ አለ፣ አይዛመዱም ብሎ። እሱም ቺፑን አትጠይቅ የሚለውን ምልክት ነካ። እንዲህ የሚያደርገው ባለቤቱ ሲምልለት ብቻ ነው። እኔ ምዬለታለሁ።

መስመሩ መሄድ ጀመረ። ቀይ ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሳብ። እኔ ከሱ ኋላ ቆሜ መስመሩን አያለሁ፣ የባሌ እህትን አያለሁ። ትሂድልኝ። ስትሄድ በጆሮው እነግረዋለሁ። ቻርጀሯን ሠርቶ ሰጣት፣ ጉዳይዋን ጨረሰች፣ አትሄድም። ስለ ጉልበቷ ትነግረኛለች። ስለ ዘይት መወደድ ትነግረኛለች። መስመሩ ግማሽ ደረሰ። አንድ ቃል ነው፤ «ተቀይሯል» ማለት። ምላሴ ላይ አለች። እኔ ለግመል አባትነት የሰጠሁ ሴትዮ አንዲቷን እውነት ማውጣት አቃተኝ።

ቀዩ አልቆ ቢጫው ሲጀምር የባሌ እህት ተነሳች፣ ቀሚሷን አራገፈች፣ «እግዜር ይማረው» ብላ ሄደች። ስልኩን ነው የምትለው።

«ተቀይሯል» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። እጁ ወደ ገመዱ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። ቢነቅለውም ያው ነው፣ የመጀመሪያው መስመር ሲሳብ ሆዱን ጠርጎ ጨርሷል። 

«አዬዮ፣ አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

ብትር ቢያነሳ ይሻለኝ ነበር። ተቀምጠን ቢጫው እስኪያልቅ አየነው። ስልኩ ሞተ፣ መብራት እንኳ የለውም። ያወጣውን ቅጂ ከፈተው፤ በተሳሳተ ወገን የተነበበ ስለሆነ ውስጡ ዝባዝንኬ ነው። በጆሮ ማዳመጫ አሰማኝ። ዘይት ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ የሚያሰማው አለ አይደል፣ እሱን ይመስላል። ምናልባት እዚያ ውስጥ ትኖር ይሆናል ብዬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ሰውዬው ስልኩን ሰባት ቀን ያዘው። በየቀኑ ሄድኩ። አልቀለድኩበትም፣ እሱም ጥርስ አልገዛልኝም። በሰባተኛው ቀን የቺፑን ትክክለኛ ወገን ፋይል ከአንድ ድሬዳዋ ካለ ባልንጀራው አስልኮ ጫነለት፤ ይህን ጊዜ ሲጠየቅ ቺፑ ተናገረ፣ ኮምፒውተሩም አወቀውና ወዲያው አስገባው። ስልኩ በራ። ሙዚቃ ተጫወተ። እንደ አዲስ ነው የሆነው፣ ድሮ ይንቀረፈፍ የነበረው ቀርቶ እንደ ጥይት ይሄዳል። ከላይ አንዱን፣ ከታች ሁለቱን ተጫንኩ። ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?»

«ፋይል የለም ይላል።»

የባሌ እህት በሳምንቱ መጥታ «ስልክሽ ዳነ አሉ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ።

ለልጅቷ ስልኩ በራሱ ነው ድምፁን ያጠፋው አልኳት። ሠሪው ላይ እንኳ አላላከክሁም፣ ያን ያህል አልከፋሁም። ልጅቷ አላለቀሰችም። ቁጭ ብላ አዳዲሶቹን ጨዋታዎች አየች፣ እባቧን አጫወተች። ከዚያ ወደ ማታ ገደማ መጥታ «እማማ፣ ስለ ሲሊንደሩ እንዴት ነበር የምትለው?» አለችኝ።

እኔ በድምፅ ሰው መምሰል ተሰጥኦዬ ነው። የቀበሌውን ሰውዬ እመስላለሁ፣ ቄሱን እመስላለሁ፣ የባሌን እህት ስመስል ሰው አንጀቱን ይዞ ነው የሚስቅ። ስለዚህ ልጄን መሰልኳት። «እማዬ፣ ሲሊንደሩን ዝጊው። ዘግቼዋለሁ ብለሽ አትሂጂ፣ ተመልሰሽ እይው።»

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። «እንደሱ አይደለም።»

ደገምኩላት። «እንደሱም አይደለም። ቶሎ ነው የምትለው።» ቶሎ አልኩላት። «አሁን ትንሽ።» ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ትጥልና እኔ ፊት ትቀመጣለች። ሽሮፑን እልላታለሁ፣ ሰማያዊውን ልብስ እልላታለሁ፣ ባለ አህያውን እልላታለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ታርመኛለች። ትናንት የሰማችው ነውና ታውቃለች። በዓመቱ ማረም ቀነሰች። ደስ አለኝ፤ ለመድኳት፣ ልጄን በደንብ ያዝኳት ብዬ። አሳመርኳትም። «ዝጊው» የምትለውን ጎተት አደረግኩላት፣ ሲያስቅ። ልጅቷም ሳቀች። ልጄ ጎትታ ተናግራ አታውቅም፣ ሁሌም መኪና እንዳመለጠው ሰው ነበር የምትናገረው። ባለ አህያው ላይም ጨመርኩ፣ ያላለችውን ስድብ።

አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። ቁመቷ የእናቷ ነው። ባለፈው ጓደኞቿ ቤት መጥተው፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ስሰማ፣ እናቷን አንስተው ጠየቋት። «ድምፅዋን አስታውሳለሁ» አለቻቸው። «እማዬ ስትናገር መጨረሻውን ትጎትተው ነበር። እንዲህ፤ ዝጊ-ው።»

ከጓዳ ብቅ ብዬ አይደለም ልላት ነበር። አፌን ከፍቼ እውነተኛዋን ልጄን ፈለግኳት፣ የቱ ጋ ነበር የምትፈጥነው፣ የቱ ጋ ነበር የምትተነፍሰው። የመጣልኝ የራሴ ድምፅ ነው፣ ያው የተጎተተው። ሌላ የለኝም። ልጆቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀችና ደገመችላቸው። እኔ ጓዳ ቁጭ አልኩ።